ሥራ ያጣ ሰው የጭነት መኪና ለመያዝ ቢያስብ

ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቦረናና የአካባቢው ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ በዚህ መንገድ ይወጣል። ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ዘይቱና ስኳሩ ደግሞ በዚሁ መንገድ ይገባል። ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ነው። ዱሮ ይህ ሥራ የሲራራ ነጋዴ ነበር። በቅሎና አህያውን እየነዳ፣ ሲመሽ እየሰፈረ፣ ሲነጋ እየጫነ ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር። የዛሬው ሾፌር የሲራራው ልጅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ስለ ሾፌርነት እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን መኪናው ሳይሆን ሰዉ ነው። በየቀበሌው ሥራቸውን ያጡ አሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ 160 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው ስትመልስ፣ ከነዚያ መካከል ብዙ የወሎ ልጆች ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ሥራ አቆሙ። ሠራተኛው ልብሱን ቋጥሮ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። የመንገድ ግንባታ ሲያልቅም የቀን ሠራተኛው ይበተናል።

እንዲህ ያለው ሰው አገሩ ሲገባ ዘመድ አዝማድ «አበሽር» ይለዋል። መሬቱ ግን ለወንድሞቹም አልበቃ። ታዲያ አንድ ቀን የመኪና ጥሩምባ ይሰማና «ሾፌር ብሆንስ?» ይላል። አሳቡ ክፉ አይደለም። እኛ የምንፈራው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። አባትየው አንዱን በሬ ይሸጡለታል። ልጁ በገንዘቡ ሠልጥኖ መንጃ ፈቃድ ያወጣል። ፈቃዱን ይዞ ከባለንብረት ዘንድ ሲቀርብ «ስንት ዓመት ነድተሃል?» ይባላል። ምን ብሎ ይመልስ? ባለንብረቱም ቢሆን ሀብቱ ሁሉ ያቺው መኪና ናትና ለጀማሪ አይሰጣትም። በሬውም ሄደ፣ ሥራውም አልተገኘ። አባትየው በቀረችው አንድ በሬ መቀናጆ ፍለጋ በየጎረቤቱ ይዞራሉ።

ስለዚህ በሬው ከመሸጡ በፊት ሰውየው ረዳት ይሁን እንላለን። ረዳት ጭነት ያስጭናል፣ ሸራ ያለብሳል፣ ገመድ ያስራል፣ ጎማ ይፈታል፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ብርዱም ብዙ ነው። ሆኖም ዓመት የሠራ ረዳት መንገዱን፣ ነጋዴውንና ባለንብረቱን ያውቃል፤ እነሱም ያውቁታል። በኋላ ፈቃዱን ሲያወጣ «ይኼ ልጅ የእገሌ ረዳት ነበር» የሚልለት ሰው አያጣም። ሥራው የማይስማማው ሆኖ ቢያገኘውም በሬው ከበረት አልወጣም።

በረዳትነት ጊዜ የሚማረው ቋንቋም አለ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ብዙ የጭነት መኪና አስገብቶ ነበር። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ወራሪው ሄደ፤ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። የዱሮው ፊያት ኤንትሬ ዛሬ በኢሱዙና በሲኖትራክ ተተክቷል። ሕዝቡ ኢሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ወዶ አይደለም። ስሙን ያወጣው ያየው አደጋ ነው።

መንጃ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የሚመራ ነው። በየተሽከርካሪው ዓይነት ስለ ተከፋፈለ የአውቶሞቢል ፈቃድ የጭነት መኪና አያስነዳም። የጭነቱም ፈቃድ ራሱ በደረጃ የተለየ ነው። ለየደረጃው የሚጠየቀውን ዕድሜና የትምህርት ማስረጃ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ደላላን አትጠይቁ። ፈተናው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የጽሑፍ፣ ሁለተኛው በመኪና ላይ የሚታይ የተግባር ፈተና ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው የመጀመሪያው ሊያስፈራው አይገባም። የመንገድ ምልክትም እንደ ፊደል ነው። ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን «ተጠንቀቅ» ይላል። ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ «አታድርግ» ይላል። ሰማያዊ ክብ «ይህን አድርግ» ብሎ ያዝዛል። ስምንት ማዕዘን ያለው ቀይ ደግሞ «ቁም» ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንምጣ። የእኛ አገር ሾፌር የሚፈተነው ዳገት ላይ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም፣ ወደ ጉንደወይን የሚወስደው መንገድ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከነጭነቱ 10 ቶን፣ ማለት 100 ኩንታል የሚመዝን መኪና እንውሰድ። ይህ መኪና አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ቢሆን፣ ፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከአንድ በርሜል የበለጠ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። በርሜል ሙሉ ውኃ ለማፍላት ስንት ሸክም እንጨት እንደሚፈጅ ድግስ የደገሰ ያውቀዋል። ያ ሁሉ እሳት ጎማው ውስጥ ባለች ትንሽ ብረት ላይ ይነድዳል። ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ይተዋል። ሾፌሩ ይረግጣል፤ መኪናው አይሰማም።

መድኃኒቱ ማርሽ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ ማድረግና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ መተው ነው። ከጀመሩ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር ግን አንዳንዴ አይሳካም፤ መኪናው ከፈጠነ ማርሹ እምቢ ሊል ይችላል። ናፍታ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ዜሮ አድርገው የሚወርዱ አሉ። ሁለት ሊትር ለማትረፍ ነፍስ የሚያስይዙ ናቸው። ፍሬኑ በንፋስ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የንፋሱ መለኪያ ሳይሞላ ከቆሙበት መነቃነቅ የለም። በጉጉፍቱ ደጋ ጉም ሲወርድ ቆሞ መጠበቅም ነውር አይደለም። ነጋዴው ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ!

ስንት እንደሚጫን ሊብሬው ላይ ተጽፏል። 50 ኩንታል የተጻፈለት መኪና 70 ሲጭን የሚጎዳው ባሌስትራና ፍሬኑ ብቻ አይደለም። በአንድ የጎማ ረድፍ ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ እንደሚጠጋ መሐንዲሶች ለክተው አግኝተዋል። ኮምቦልቻ ያለው የመኪና ሚዛን የተተከለውም ለዚሁ ነው። በጭነት ላይ ሰው መጫን ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በገበያ ቀን እናት ልጅ አዝላ ስትለምን እምቢ ማለት እንደሚከብድ እናውቃለን። ቢሆንም መኪናው ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚወድቁት ከላይ ያሉት ናቸው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ሾፌሮች የታገቱበትና መንገድ የተዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ሾፌር ፈልጎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤተሰብም የት እንደሚታደር ይወቅ። ከጅቡቲ መስመር ይልቅ በአገር ቤት መንገድ መሥራት የሚሻለን ብለን የምናስበው አንድም በዚህ ነው። ገቢው ያንሳል፤ ግን መንገዱን እየጠየቁ ይሄዳሉ፣ ብዙ ቀንም ከቤት ያድራሉ።

ከባለንብረቱ ጋር ቃል በቃል ብቻ አትዋዋሉ። ዱሮ ጸሐፊው ጽፎ እኛ አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን እናትም ነበር። ምን እንደ ተጻፈ የምንሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው። አሁን ራሳችሁ አንብቡት። ደመወዙ በወር ነው ወይስ በምልልስ? በምልልስ ከሆነ ሰው ሳያርፍ፣ ጫት እየቃመ ሌሊት እንዲነዳ ይገፋፋል፤ በወር ሆኖ የመንገድ አበል ቢጨመርበት ይሻላል እንላለን። ጎማ ሲፈነዳ ከፋዩ ማነው? ሁለት ኩንታል ቢጎድልስ? ባለንብረቱ አስገድዶ ትርፍ ቢያስጭንና ቅጣት ቢመጣ ማን ይከፍላል? መኪናው ጋራዥ ገብቶ አሥራ አምስት ቀን ቢውል ሾፌሩ ምን ይበላል? የሌለውን አስጽፉ። ያልገባችሁ መስመር ካለ ነገ እፈርማለሁ ብላችሁ ወረቀቱን ቤት ውሰዱት። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነውና ወረቀቱ መኖሩንና ቀኑ አለማለፉን በዓይናችሁ እዩ። የዓመቱን ምርመራ የሚያሳየውን ቦሎም እንዲሁ።

አንድ ደብተር ግዙ። ማታ መኪናው ሲቆም፣ እራት ከመቅረቡ በፊት፣ የዕለቱን ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሰኞ። ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ። ጤፍ 50 ኩንታል፣ ቆጥሬ ተረክቤ ቆጥሬ አስረክቤአለሁ። ተረካቢው ፈርሟል። ናፍታ የሞላሁበት ደረሰኝ አለኝ። የኋላ ግራ ጎማ ተነፈሰ፣ አቀስታ ላይ ተለጠፈ፤ ከኪሴ ከፈልኩ፣ ባለንብረቱ ይመልስልኛል። ፍሬኑ ወደ ቀኝ ይስባል፤ ነገ ሳይታይ አልነሣም።»