«ቻርጅ» የሚለው ግሥ በሕግ ቋንቋ

«ቻርጅ» ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የስልክ ባትሪ ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ክፍል «ሂ ወዝ ቻርጅድ ዊዝ ቴፍት» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ትርጉሙን ብጠይቅ፣ አንዱ ልጅ «ባትሪው ሞላ» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔ ደግሞ ላርም ብዬ የባሰ ተሳሳትኩ፤ «በስርቆት ተፈረደበት ማለት ነው» አልኩ። ደወል ሲደወል አንዲት ተማሪ ጠጋ ብላ፣ «ቲቸር፣ ወንድሜ ተከሷል እንጂ አልተፈረደበትም፤ ታዲያ እሱ በእንግሊዝኛ ምን ሊባል ነው?» አለችኝ። ምን ልበላችሁ፣ መልስ አጣሁ። ማታ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አመሸሁ።

ግሡ ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻው «ጫነ» ማለት ነው። ባትሪ ላይ ኤሌክትሪክ፣ ገዢ ላይ ዋጋ፣ ተጠርጣሪ ላይ ክስ ይጫናል ማለት ነው እንግዲህ። ሸክም የተጫነበት ሰው ግን ጥፋተኛ ነው አልተባለም።

እኛን የሚያሳስተን «ከሰሰ» የሚለው ቃላችን ሰፊ መሆኑ ነው። ገበሬ ጎረቤቱን በድንበር ቢከስ፣ ዐቃቤ ሕግ ሌባ ቢከስ፣ ሕፃን ታላቁን ለእናቱ ቢከስ ያው «ከሰሰ» ነው። እንግሊዝኛ ግን ይለያያቸዋል። የድንበሩ ዓይነት የፍትሐ ብሔር ክርክር «ሱ» ይባላል። «አንተ ነህ ያደረግኸው» ማለት «አክዩዝ» ነው፤ ይህንን ሕፃኑም ይችላል። «ቻርጅ» የሚያደርገው ግን ሥልጣን ያለው አካል ነው፤ በአገራችን በአብዛኛው ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት ማለት ነው። ፍርድ ቤት ማስረጃ ሰምቶ ጥፋተኛ ሲል ያን ጊዜ «ኮንቪክት» ይመጣል፣ በነፃ ካሰናበተም «አኩዊት»።

መስተዋድዱንም ልብ እንበል። «አክዩዝ» እና «ኮንቪክት» «ኦፍ»ን ሲያስከትሉ፣ «ቻርጅ» «ዊዝ»ን ይፈልጋል። «ቻርጅድ ኦፍ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። «ቻርጅ ፎር» ካልን ደግሞ ከችሎት ወጥተን ገበያ ገባን፤ ዋጋ ጠየቀ ማለት ነው።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎች የክሱን ዝርዝር በጽሑፍ የማግኘት፣ በፍርድ ሂደትም ላይ ሳሉ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እኔ የልጅቷን ወንድም ዳኛ ሳይሰማው በጠመኔ ፈርጄበት ነበር።

በማግሥቱ «ትናንት ተሳስቻለሁ» ብዬ «በስርቆት ወንጀል ክስ ተመሠረተበት» ስል ጻፍኩ። የባትሪውም ልጅ ሳይቀር ደብተሩ ላይ ገለበጠው።