የእንግሊዝኛን ቃላት በየቤተሰባቸው ስለ ማጥናት

በአገራችን ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ የቃላት እጥረት ያለበት ተማሪ የሚቸገረው በቋንቋው ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሥነ ሕይወቱንም ታሪኩንም ሐሳቡን ሳይጨብጥ ይሸመድዳል። ብዙ ወጣቶች መዝገበ ቃላትን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥተው በቃል ሊይዙ ይሞክራሉ፤ ዳሩ ግን ዝምድና የሌላቸው ቃላት ቶሎ ይረሳሉ። ስለዚህ ቃላትን በየቤተሰባቸው ማጥናት እንደሚሻል በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ጸሐፈ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ እንደሚወጡ እናውቃለን። ከፍ ያሉት የእንግሊዝኛ ቃላትም አብዛኞቹ ከላቲንና ከግሪክ የመጡ ናቸው። ላቲን ወደ እንግሊዝ ከገባባቸው መንገዶች አንዱ በ597 እ.ኤ.አ. የቅዱስ አውግስጢኖስ ዘካንተርበሪ ስብከት ሲሆን፣ ሌላው ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ከያዙ በኋላ የተስፋፋው ፈረንሳይኛ ነው።

ለምሳሌ «ስክሪብ» የሚለው የላቲን ሥር መጻፍ ማለት ነው። ከእርሱም «ስክሪፕቸር» ቅዱስ መጽሐፍ፣ «ፕሪስክሪፕሽን» የሐኪም ማዘዣ፣ «ማኑስክሪፕት» በእጅ የተጻፈ ጽሑፍ ይወለዳሉ። በመጨረሻው ቃል ውስጥ ያለው «ማኑ» እጅ ማለት ነው።

ከግሪክኛም ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ ያስተማረችን አለ። ወንጌል የምሥራች ማለት ሲሆን፣ «ኢቫንጀሊስት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ከዚያው ምንጭ ነው። ኤጲስ ቆጶስ ከላይ ሆኖ የሚመለከት ጠባቂ ማለት ነው፤ ይኸው የመመልከት ሥር የሩቁን በሚያሳየው «ቴሌስኮፕ»ና የደቂቁን በሚያሳየው «ማይክሮስኮፕ» ውስጥ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ሥሩ ብቻውን አይበቃም። «ማኑፋክቸር» በጥንተ ፍቺው በእጅ መሥራት ነበር፤ ዛሬ ግን በፋብሪካ በመሣሪያ ማምረትን ያመለክታል። ስለዚህ ፍቺውን ከሥሩ ከገመትን በኋላ በዓረፍተ ነገሩና በመዝገበ ቃላት ማረጋገጥ ይገባናል።

እንግዲህ በየቀኑ አንድ ሥር ከ3 ወይም ከ4 ልጆቹ ጋር በደብተራችን እንጻፍ፤ ለእያንዳንዱም የራሳችንን ዓረፍተ ነገር እንሥራ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ፍቺውን ሸፍነን ራሳችንን እንፈትን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ስንጽፍና ስንናገር ግን ቀላሉ ቃል በበቃበት ስፍራ ከባዱን አንደርድር። ቃል የተሰጠን እንድንግባባበት ነውና።