ጣሳው ስንት ግራም ነው?

ዋሽንግተን የምትኖረው እህቴ ለበዓል ድፎ ዳቦ ልትደፋ አሰበችና «የእማዬን ልክ ላኪልኝ» አለችኝ። እናቴን ስጠይቃት «ሁለት ጣሳ ዱቄት፣ አንድ ጣሳ ጎደል ያለ ውሃ» አለች። እህቴ ቤት ያለው ግን ሚዛንና የአሜሪካ ኩባያ ነው። ጣሳው እዚህ እናቴ የዱቄት ዕቃ ውስጥ ነው ያለው።

ጣሳም ኩባያም የሚነግሩን ዕቃው የያዘውን ቦታ ነው፤ ሚዛን ደግሞ ክብደቱን። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ውሃ ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ባዶውን ጣሳ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ዜሮ አደረግኩና እስከ አፉ ውሃ ሞላሁበት። 800 ግራም መዘነ። ጣሳው 800 ሚሊ ሊትር ይይዛል ማለት ነው።

ዱቄት ግን እንደ ውሃ አይደለም። በብናኙ መካከል አየር አለ፤ የአየሩ መጠን ደግሞ በሰፋሪው እጅ ይወሰናል። ጣሳውን በደንብ አደረቅኩና የተነፋ ዱቄት በማንኪያ ቀስ እያልኩ ሞላሁት፤ 400 ግራም ሆነ። ከዚያ እናቴን «እስቲ እንደ ልማድሽ ስፈሪው» አልኳት። ጣሳውን ዱቄቱ ውስጥ ከታ ዛቀች፣ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገችው፣ እንደገና ሞላችና አናቱን በመዳፏ አስተካከለች። 500 ግራም! በሁለት ጣሳ የ200 ግራም ልዩነት ነው። እህቴ በእኔ አሰፋፈር ብትሄድ ኖሮ በዚያው ውሃ እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ የማይያዝ ሊጥ ይወጣላት ነበር።

አንድ የአሜሪካ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የአውስትራሊያው 250 ነው። በአሜሪካው ኩባያ ቀስ ተብሎ የተሞላ የስንዴ ዱቄት ወደ 120 ግራም፣ ስኳር 200፣ ዘይት 220፣ ቅቤ 227፣ ማር 340 ግራም ገደማ ይመዝናል። ኩባያው ያው ነው፤ ማሩ ግን የዱቄቱን ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። «አንድ ኩባያ ስንት ግራም ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «የምን?» የሚል ጥያቄ የሚመለስለት ለዚህ ነው። በርበሬም ቢሆን ከወፍጮ እንደመጣ ሲሰፈርና ረግቶ ከሰነበተ በኋላ ሲሰፈር ክብደቱ አንድ አይደለም።

ለሁሉም ነገር ግን ሚዛን አያስፈልግም። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ 3 ግራም ያህል ነው፤ ብዙ የኩሽና ሚዛኖች እንዲህ ያለውን ጥቂት ክብደት በትክክል አያነቡም። እርሾን በማንኪያ መተው ይሻላል። ዱቄትን ግን፣ በተለይ ለዳቦና ለኬክ፣ ሁልጊዜ መመዘን አለብን ባይ ነኝ።

ለእህቴ የላክሁላት ይህ ነው፦ ዱቄት 1 ኪሎ፣ ውሃ 650 ግራም፤ ውሃውን ግን በአንዴ አታፍስሺው፣ የዚያ አገር ዱቄት የሚጠጣው መጠን ሊለይ ይችላል። እናንተም የእናታችሁ ጣሳ ሳይጠፋ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ስትሰፍሩበት ግን እጁ የእሷ ይሁን።