ሕጉ አንድ፣ ዓይኑ ሁለት

በአንድ የገበያ መንገድ ከተደረደሩት ሱቆች መካከል የአንዱ በር በድንገት ሲታሸግ ሁለት ዓይነት ቃል ይሰማል። ባለሱቁ «በአመለካከቴ ነው የታሸገብኝ» ይላል። ያሸገው ሹም ደግሞ «ግብር አጓድሎ፣ ደረሰኝ ሳይቆርጥ ሲሸጥ ተገኝቶ ነው» ይላል። ሰሚውም እንደየዝንባሌው አንዱን አምኖ፣ ሌላውን ሐሰተኛ አድርጎ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ግን ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን እንደሚችል ነው። ነጋዴው በእርግጥ ግብር አጓድሎ ይሆናል። ከግራና ከቀኙ ያሉት ጎረቤቶቹም ያንኑ ሲያደርጉ ማንም አልነካቸው ይሆናል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሕጉም አለ፣ ጥፋቱም አለ፤ የተበላሸው የሚያየው ዓይን ነው።

ውድ አንባብያን! በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው። «መንግሥት ሕግን እየመረጠ በነጋዴ ላይ ያውላል» የሚለው አቤቱታ እውነት የሚሆነው መቼ ነው? አጥፊ የሚሸሸግበት ጥላ የሚሆነውስ መቼ ነው? ሁለቱን የምንለይበት መንገድ ከሌለን በደልንም ውሸትንም በአንድ ዓይን እናያለን። ስለዚህ በይፋ ከታወቁትና በፍርድ ቤት ከተመረመሩት የሌሎች አገሮች ታሪኮች ጥቂቶቹን እናነሳለን። ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሳንፍራንሲስኮ ልብስ አጣቢዎች

በ1880 በአሜሪካ የሳንፍራንሲስኮ ከተማ አስተዳደር አንድ ደንብ አወጣ። ከጡብ ወይም ከድንጋይ ባልተሠራ ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሥራ የሚያካሂድ ሁሉ ከከተማው አስተዳዳሪዎች ቦርድ ፈቃድ ማግኘት አለበት የሚል ነበር። ምክንያቱ የእሳት አደጋ ነው ተባለ። የእንጨት ቤት በበዛበት ከተማ ይህ ለጆሮ የሚከብድ ምክንያት አይደለም። በደንቡ ውስጥ ስለ ዘርም ሆነ ስለ ትውልድ አገር የተጻፈ አንዲት ቃል አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በከተማው ወደ 320 የሚሆኑ ልብስ ማጠቢያ ቤቶች ነበሩ። ከእነዚህ 310 ያህሉ የእንጨት ቤቶች ሲሆኑ፣ 240 ያህሉ ደግሞ የቻይናውያን ንብረት ነበሩ። ፈቃድ ለማግኘት 200 ያህል ቻይናውያን አመለከቱ፤ ሁሉም ተከለከሉ። ቻይናውያን ያልሆኑ 80 ያህል ሰዎችም አመለከቱ፤ ከአንዲት ሴት በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። የሁሉም ቤት ያው እንጨት ነበር።

ዪክ ዎ የተባለው ማጠቢያ ቤት ባለቤት በዚያው ቤት ለ22 ዓመታት ሠርተዋል። በ1884 የእሳት ተቆጣጣሪዎች፣ በ1885 ደግሞ የጤና ሹሙ ቤቱን መርምረው ጉድለት አላገኙበትም። ሆኖም ፈቃዱ ተነፈጋቸው። ሥራቸውን ባለማቆማቸውም 10 ዶላር ተቀጡ፤ ቅጣቱን ባለመክፈላቸው ለ10 ቀን እስር ተዳረጉ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በግንቦት 1886 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለአጣቢው ፈረዱ።

ውሳኔው ሦስት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛ፣ ደንቡ ፈቃድ የሚሰጥበትንም የሚከለከልበትንም መለኪያ ሳያስቀምጥ ሁሉን ለሹማምንቱ ፍላጎት ትቶት ነበር። መለኪያ የሌለው ሥልጣን ሕግ ሳይሆን የአንድ ሰው ፈቃድ ነው። ሁለተኛ፣ ሕጉ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ሆኖ ቢጻፍም፣ የሚፈጸመው በአድልዎ ከሆነ በእኩልነት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ይህ ጥበቃ ለዜጋ ብቻ አይደለም። ቻይናውያኑ በዚያን ዘመን የአሜሪካ ዜጋ እንዳይሆኑ በሕግ የተከለከሉ ባይተዋሮች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ግን ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ማንኛውንም ሰው ነው አለ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዳኞቹ የሹማምንቱን ልብ ከፍተው ጥላቻን ሲፈልጉ አልዋሉም። ያደረጉት መቁጠር ነበር። ስንት አመለከተ፣ ስንት ተፈቀደለት፣ ስንት ተከለከለ፣ በተፈቀደለትና በተከለከለው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ከዘር በቀር ሌላ ልዩነት ሲታጣ መልሱ ራሱ ተናገረ።

ጥፋት ቢኖርስ?

የልብስ አጣቢው ጉዳይ ቀላል ነው ሊባል ይችላል፤ ሰውዬው ንጹሕ ነበሩና። የሚከብደው ነጋዴው በእርግጥ ያጠፋ እንደሆነ ነው። ለዚህ የሩሲያው የነዳጅ ኩባንያ የዩኮስ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

የኩባንያው መሪ ሚኻይል ኮዶርኮቭስኪ በዘመኑ ከሩሲያ ባለጸጎች ሁሉ የላቀ ሀብት እንዳላቸው የሚነገርላቸው ሰው ነበሩ። ተቃዋሚ ፓርቲዎችን በገንዘብ ይደግፉ ነበር። በጥቅምት 2003 ተያዙ። ከዚያም በኩባንያው ላይ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ውዝፍ ግብር ተጠየቀ። በታኅሣሥ 2004 የኩባንያው ዋነኛ የነዳጅ ማምረቻ በሐራጅ ተሸጠ። ገዢው ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶት የማያውቅ ድርጅት ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥም ያንን ድርጅት የመንግሥቱ የነዳጅ ኩባንያ ሮስኔፍት ጠቀለለው።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በመስከረም 2011 የሰጠው ውሳኔ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ኩባንያው ግብር ለመሸሽ የፈጠረው ዘዴ ሕጋዊ እንዳልነበረ ተቀብሏል። የመንግሥቱ ዓላማ ፖለቲካ ብቻ ነበር የሚለውንም ክስ በማስረጃ አልተረጋገጠም ብሎ አልፎታል። በሌላ በኩል ግን ኩባንያው ቢያንስ 43,000 ገጽ ያለውን መዝገብ እንዲያነብ የተሰጠው አራት የሥራ ቀን ብቻ መሆኑን፣ የግብሩ አሰባሰብም እጅግ የተጣደፈና ከመጠን ያለፈ እንደነበረ ገልጾ ሩሲያን ጥፋተኛ አድርጓል። በሐምሌ 2014 በሄግ የተሰየመ የግልግል ጉባኤ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ። የግብሩ ጥያቄ ዋና ዓላማ ኩባንያውን አክስሮ ንብረቱን መውሰድ ነው ብሎ ወደ 50 ቢሊዮን ዶላር ካሣ ወሰነ። ሩሲያም ይህን ውሳኔ በሆላንድ ፍርድ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ተከራክራበታለች።

እንግዲህ ሁለት የተከበሩ አካላት አንድን ጉዳይ መርምረው ስለ ዓላማው አንድ ቃል አልተናገሩም። የባለሥልጣንን ዓላማ ማስረዳት ይህን ያህል ከባድ ነው። ስለሆነም «በፖለቲካ ነው» የሚል ሁሉ ቃሉን በችኮላ ከመወርወሩ በፊት ምን ማስረጃ እንደያዘ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። ዳሩ ግን የነጋዴው ጥፋት መገኘቱ ክርክሩን እንደማይዘጋውም ከዚሁ ጉዳይ እንማራለን። ግብር ያጓደለ ሰው ግብሩን ይከፍላል፣ ቅጣቱንም ይቀበላል እንጂ፣ መዝገቡን ሳያነብ ይፈረድበት፣ ንብረቱም ለማይታወቅ ገዢ ይሂድ የሚል ሕግ የለም።

ዱላው እጅ ሲለውጥ

እስካሁን ያየነው በአንድ ወገን ላይ የደረሰውን ነው። የቱርክ ታሪክ ግን ዱላው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያሳየናል።

በየካቲት 28 ቀን 1997 የቱርክ ብሔራዊ የጸጥታ ምክር ቤት፣ በጦር አዛዦቹ ግፊት፣ ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴን ለመግታት የታሰቡ 18 እርምጃዎችን በጠቅላይ ሚኒስትር ነጅመዲን ኤርባካን መንግሥት ላይ ጫነ። ኤርባካንም በሰኔ ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያው ሰሞን ሃይማኖተኛ የሆኑ ነጋዴዎች ሀብት «አረንጓዴ ካፒታል» የሚል ስም ወጣለት። ጦሩ የኩባንያዎችን ስም ዝርዝር አዘጋጅቶ ከእነርሱ ዕቃ እንዳይገዛ አደረገ። ታዋቂው የኡልከር ብስኩት እንኳ ከጦሩ መሸጫዎች ተነሳ። በ1990 የተመሠረተው የእነዚህ ነጋዴዎች ማኅበር ሙስያድም የክስ ዒላማ ሆነ። ብስኩቱ ምን አጥፍቶ ነበር? ብስኩቱ ምንም አላጠፋም፤ የታየው የጋጋሪው ሰጋጅነት ነበር።

በ2002 ነገሩ ተገለበጠ። ከዚያ የተገፋ ወገን የወጣ ፓርቲ ምርጫ አሸንፎ መንግሥት ሆነ። የግፍን ምሬት የቀመሰ ሰው ዱላውን ይሰብረዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በ2008 የዶአን ቡድን ጋዜጦች ከመንግሥቱ ደጋፊዎች ጋር ስለተያያዘ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ማጭበርበር ሲጽፉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርዶአን ጋዜጦቹ እንዳይገዙ ለደጋፊዎቻቸው ጥሪ አደረጉ። በ2009 በዚያው ቡድን ላይ በተከታታይ የግብር ቅጣት ተጣለ። የመስከረሙ ብቻ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ቡድኑ በ2011 ሁለት ጋዜጦቹን፣ በ2018 ደግሞ የቀሩትን ዋና ዋና የዜና አውታሮቹን ሸጠ። የገዛቸውም ለመንግሥት ቅርብ የሆነ ባለሀብት ነበር።

ከዚያ በኋላ ተራው የቀድሞ ወዳጆች ሆነ። ከፈትሁላህ ጉለን እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘው ባንክ አስያ በ2015 በመንግሥት እጅ ገባ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር፣ ምርጫ ሊካሄድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የኮዛ ኢፔክ ኩባንያዎች በባለአደራ አስተዳዳሪ ሥር ሆኑ፤ ፖሊስም የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻቸውን ሰብሮ ገባ። ከሐምሌ 2016ቱ ያልተሳካ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ደግሞ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ኩባንያዎች ወደ መንግሥቱ የተቀማጭ ዋስትና ፈንድ ተዛወሩ። በሙከራው ብዙ ሰው ሞቷል፤ ወንጀሉን መመርመር የመንግሥት ግዴታ ነበር። ነገር ግን የቤት ዕቃ ፋብሪካን መውረስና ጠብመንጃ ያነሳን መኮንን መያዝ አንድ አይደለም። የእያንዳንዱ ኩባንያ ጥፋት ለየብቻ ሳይረጋገጥ በጅምላ ሲወረስ፣ በ1997 የተዘጋጀው ዝርዝር ስሙን ለውጦ ተመለሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንመርምር። በ1997 በሃይማኖተኞቹ ነጋዴዎች ላይ የደረሰውን ስንሰማ ብዙዎቻችን አዝነናል፤ ማዘናችንም ተገቢ ነበር። በ2009 የግብር ዱላው ለሃይማኖት ደንታ በሌለው ጋዜጣ ላይ ሲያርፍስ? «ይበለው» ያልን አልጠፋንም። ያን ዕለት የተቃወምነው ግፍን ሳይሆን የተገፋውን ሰው ማንነት ብቻ እንደነበረ አስመሰከርን። አባቶቻችን «ነግ በኔ» ያሉት ለዚህ ነው።

በምን እንለየው?

ካነሳናቸው ታሪኮች ማንኛውም ሰው ሊጠይቃቸው የሚችሉ አራት ጥያቄዎች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ማን ተተወ? የታሸገውን ብቻ ሳይሆን ያልታሸገውንም ቁጠር። በአንድ መንገድ ላይ አንድ ጥፋት ያጠፉ አሥር ቢኖሩና አንዱ ብቻ ቢቀጣ፣ ያ አንዱ በምን ተለየ?

ሁለተኛ፣ መቼ ተጀመረ? ለዓመታት ያልታየ ጉድለት ነጋዴው በተናገረ ወይም በጻፈ ማግስት ከታየ፣ ወይም ምርጫ ሲቃረብ ከተገኘ፣ ጊዜው ራሱ ምስክር ነው። ጊዜ ብቻውን ግን ፍርድ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል? መልስ ለመስጠትስ ጊዜ ተሰጥቷል?

አራተኛ፣ የተወሰደው ንብረት የት ገባ? ሕግ ሲያስከብር የነበረ እጅ መጨረሻ ላይ ንብረቱን ለወዳጁ ሲያስተላልፍ ከተገኘ ብዙ ክርክር አያስፈልግም።

በአገራችንስ?

ይህ ትምህርት ከእኛ ገበያ የራቀ አይደለም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች ላይ የወጣው የቀን ገቢ ግምት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ምን ያህል ቅሬታ እንዳስነሳ፣ ሱቆችም እንደተዘጉ እናስታውሳለን። እነዚህ ነጋዴዎች መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ስለዚህ ገቢያቸው የሚወሰነው ሱቃቸውን ባየው ገማች ዓይን ነበር። ገማቹ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መለኪያው በወረቀት ላይ ካልሰፈረ የተጎዳው ነጋዴ መጎዳቱን፣ ቅኑ ገማችም ቅንነቱን የሚያስረዳበት ነገር የለውም። የሳንፍራንሲስኮ ቦርድ ሥልጣን ያጠፋው ይህንኑ ነበር።

በሙስሊሙ ዓለም የገበያ ቁጥጥር ጥንታዊ ሥራ ነው። ሚዛንንና ስፍርን የሚመለከተው ሹም ሙሕተሲብ ይባል ነበር። በ1058 ያረፉት ሊቅ አል-ማወርዲ ስለዚህ ሹመት ሲጽፉ፣ ሙሕተሲብ በአደባባይ የታየውን ጥፋት ያርማል እንጂ የተሸሸገውን እየሰለለ አይፈልግም ሲሉ ወሰን አበጅተውለታል። ሚዛን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የራሱ እጅ ሚዛን ሊሆን ይገባዋልና።

ለነጋዴውም የምንለው አለ። መዝገብህን አጥራ፤ ደረሰኝህን ቁረጥ፤ ግብርህን በጊዜው ክፈል። እንዲህ ማድረግህ ከአድልዎ ፈጽሞ ላያድንህ ይችላል፤ የልብስ አጣቢውንም አላዳናቸውም። ነገር ግን ስትከራከር በእጅህ የምትይዘው እርሱን ነው። በተጭበረበረ መዝገብ ላይ ቆሞ «ተበደልኩ» የሚል ሰው የራሱን አቤቱታ ብቻ ሳይሆን ነገ በእውነት የሚበደለውን የጎረቤቱንም አቤቱታ ያረክሳል።

ለሁላችንም የሚቀረው ደግሞ አንድ ነው። የማንወደው ሰው ሱቅ ሲታሸግ በዚያው በር ላይ ቆመን እነዚያኑ አራት ጥያቄዎች መጠየቅ። በወዳጃችን በር ላይ ብቻ ከጠየቅናቸው፣ ዓይኑ ሁለት የሆነው የሹሙ ብቻ አይደለም።