የሞተር ዘይት ውፍረትና መለኪያው

የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር ያላችሁ ገበሬዎች ዘይት ስትገዙ የሞተሩ መመሪያ 14፥ የዘይቱ መግለጫ ወረቀት ደግሞ 0.14 ሲል ብታዩ አትደናገሩ። የተለየው የመለኪያው ስም ሊሆን ይችላል።

የዘይት ውፍረት፥ ማለት በዝግታ ወይም በፍጥነት መፍሰሱ፥ በስቶክስ ይለካል። 1 ስቶክስ 100 ሴንቲስቶክስ ነው፤ 1 ሴንቲስቶክስም ከ1 ካሬ ሚሊ ሜትር በሴኮንድ ጋር እኩል ነው። ውሃ በ20 ዲግሪ ሙቀት 1 ሴንቲስቶክስ ያህል ነው። ስለዚህ 0.14 ስቶክስ በ100 ሲባዛ 14 ሴንቲስቶክስ ይሆናል።

ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሙቀት የተለኩ መሆናቸውን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። በ100 ዲግሪ 14 የሆነው ዘይት በ40 ዲግሪ ከ100 ሊበልጥ ይችላል። በ40 ዲግሪ 14 የሆነውን ዘይት ተሳስቶ የጨመረ ሰው ግን፥ ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ከመጠን በላይ ቀጥኖ ብረት ከብረት ይፋተግበታል።

በቆርቆሮው ላይ ያለው «40 ቁጥር» ሴንቲስቶክስም ዲግሪም አይደለም፤ እኔም በተማሪነቴ ተሳስቼበታለሁ። የዘይቱ መደብ ስም ነው። የዚህ መደብ ዘይት በ100 ዲግሪ ውፍረቱ ከ12.5 ሴንቲስቶክስ አያንስም፥ 16.3ም አይሞላም። የመመሪያው 14 በ100 ዲግሪ የተለካ ከሆነ 40 ቁጥር ጠይቁ።