እሳት አደጋ ለመሆን ሒሳብ ምን ያደርጋል?

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ስለ እሳት ሳይንስ ነው። «እሳት ደግሞ ምን ሳይንስ አለው? ውሃ ደፍቶ ማጥፋት ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ውሃውን የደፋሁትም ለዚህ ነው።

አምና በጾም ወቅት እናቴ ሳምቡሳ እየጠበሰች ሳለ በር ላይ ሰው ጠርቷት ወጣ አለች። ዘይቱ በጣም ግሎ በእሳት ተያያዘ። እኔ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ አንድ ጆግ ውሃ አነሳሁና ቸለስኩበት። እሳቱ ቦግ ብሎ እስከ ኮርኒሱ ደረሰ። እናቴ ሮጣ ገብታ እኔን ወደ ኋላ ስትገፋኝ የተፈናጠረው ዘይት ክንዷን አቃጠላት። እሳቱን ያጠፋችው ጎረቤታችን ናት። የምድጃውን ሶኬት ነቀለች፣ የእንጀራ ምጣዱን አክንባሎ አንስታ መጥበሻው ላይ ከደነችው፣ በቃ ጠፋ። ቶሎ እንዳንከፍተውም ከለከለችን። የእናቴ ክንድ ላይ ጠባሳው እስካሁን አለ። እሷ «ምንም አይደል» ትለኛለች። እኔ ግን አክንባሎ ያጠፋውን እሳት ውሃ ለምን አባሰው የሚለው ጥያቄ አላስተኛ አለኝ።

የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው «እሳት እንደ ድስት በሦስት ጉልቻ ነው የሚቆመው» አሉኝ። አንዱ ጉልቻ የሚቃጠል ነገር ነው፣ ሁለተኛው ሙቀት፣ ሦስተኛው ኦክስጅን። ከምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተነሳ እሳቱ ይወድቃል። አክንባሎው ያነሳው የኦክስጅኑን ጉልቻ ነው። ቶሎ ቢከፈት ኖሮ ዘይቱ ገና ስለሚግል እንደገና ሊነድ ይችል ነበር።

የእኔ ውሃስ? ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል። የሚነድ ዘይት ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚበልጥ ውሃው ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ወደ 1,700 ሊትር ገደማ ይሰፋል። በሃያ ሊትር ጀሪካን ብታካፍሉት 85 ጀሪካን ይሆናል። ያ ሁሉ እንፋሎት ከታች ሲፈነዳ ዘይቱን በትንንሽ ጠብታ ይበትነዋል፣ እያንዳንዷ ጠብታም አየር ስታገኝ ትነዳለች። እኔ እሳቱን ያጠፋሁ መስሎኝ ለካ እየበተንኩት ነበር!

ከዚያ በኋላ ሳድግ እሳት አደጋ መሆን እፈልጋለሁ ብዬ ተናገርኩ። ወንድሜ ሳቀብኝ። «ጉልበት ነው እንጂ ትምህርት አይጠይቅም፣ ደግሞ ሴት ሆነሽ» አለኝ። መልሱን ያገኘሁት በበዓል ቀን አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ሲደውል ነው። እሱ ኮሌጅ ገብቶ የሚማረው የእሳት ሳይንስ ነው! እዚያ አገር በብዙ ኮሌጆች የሁለት ዓመት ትምህርት አለው። ከፍ ያለ መማር ለሚፈልግም የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእሳት መከላከል ምህንድስና ያስተምራል።

ምን ትማራለህ አልኩት። መጀመሪያ የእሳት ባሕርይ ነው አለኝ። ጭስ ራሱ እንደሚነድ ያወቅኩት ከእሱ ነው። ሻማ እንዳጠፋችሁ ነጩን ጭስ ከላይ በክብሪት ብትነኩት እሳቱ በጭሱ ወርዶ ክሩን ይለኩሰዋል (ከመምህር ጋር ሆናችሁ ብቻ ሞክሩት፣ እኛ በላብራቶሪ አይተነዋል)። የሚቃጠል ክፍልም እንደዚሁ ነው። ከጣሪያው ስር የተጠራቀመው ጭስ 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ በአንዴ ሊቀጣጠል ይችላል። ጭሱ መርዝም ስላለበትና ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ጭስ ካለበት ቤት ስንወጣ ጎንበስ ብለን ወይም እየዳህን ነው።

ቀጥሎ የሕንፃ አሠራር አለ። ብረት አይቃጠልም ብለን እንተማመናለን አይደል? ግን በዚያው 600 ዲግሪ አካባቢ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህን ያልተማረ ሰው የሚወድቅ ጣሪያ ስር ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛው የውሃ ትምህርት ነው፣ እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ሒሳብ ነው። ውሃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት አንድ ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመቱ 209 ሜትር ነው። ስለዚህ ውሃ ጫፉ ላይ ለማድረስ ብቻ ወደ 21 ባር ይጠይቃል። በዚያ ላይ ውሃው በጎማው ውስጥ ሲሄድ በሰበቃ የሚባክን ግፊት አለ። እሳት ቦታ ላይ ቆሞ ይህን የማያሰላ ሰው ጎማ ይዞ ውሃ ላያገኝ ነው ማለት ነው። (በሒሳብ 11 ከ20 ያገኘሁት እኔ ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ መገመት ትችላላችሁ።)

ኮሌጅ ብቻውን ግን አያስቀጥርም አለኝ። ከዚያ ሌላ የእሳት አደጋ ማሰልጠኛ ገብቶ መሰላል መውጣት፣ ጭስ ውስጥ በመተንፈሻ መሥራት፣ ሰው ተሸክሞ ማውጣት አለ። የሕክምና እርዳታም ይማራሉ፣ ምክንያቱም እዚያ አገር ከሚደወልላቸው ጥሪ አብዛኛው የታመመ ሰው እንጂ እሳት አይደለም። ወንድሜ ያለው ጉልበት ስለዚህ ውሸት አይደለም፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገረኝ። ስለ ሴት የተናገረውን የአጎቴ ልጅ በስልክ ራሱ መለሰለት፤ የክፍላቸው አንደኛ ሴት ናት።

እዚህ አዲስ አበባ እሳት ከተነሳ በ939 ይደወላል። እኛ ቤት ቁጥሩን ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ አክንባሎውም ምድጃው አጠገብ ተሰቅሏል።

አሁን የአጎቴ ልጅ የሰጠኝን ጥያቄ ልስጣችሁ። በአንድ ጎማ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ 2 እጥፍ ሲሆን በሰበቃ የሚባክነው ግፊት 4 እጥፍ ይሆናል። ውሃው 3 እጥፍ ቢሆንስ? እኔ መጀመሪያ 6 ብዬ ተሳስቻለሁ። መልሱን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ እስከ ዓርብ በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ክተቱ።