ከዓሣ ሴል የሚያድግ ሥጋና የዓሣ አለርጂ



ዛሬ የዓሣ ሥጋ በፋብሪካ ማሳደግ ተችሏል። ከዓሣ የተወሰዱ ሴሎች፣ ማለትም በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የሰውነት ክፍሎች፣ በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ስኳርና ፕሮቲን ባለበት ፈሳሽ እየተመገቡ ይባዛሉ፤ ሥጋም ይሆናሉ። በአሜሪካ እንዲህ ያደገ ሳልሞን በ2025 በምግብ ቤት ቀርቧል። በእስራኤልም የጤና ሚኒስቴር በ2024 ከሴል ላደገ የከብት ሥጋ ፈቃድ ሰጥቷል።

ልብ እንበል፦ «ዓሣ አልተጠመደም» ቢባልም ምግቡ ያው ዓሣ ነው። አለርጂ የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን በውስጡ ሊኖር ስለሚችል፣ ዓሣ የማይስማማው ልጅ ሊበላው አይገባም።

ከመግዛታችሁ በፊት የማሸጊያውን ጽሑፍና የካሽሩት ምልክቱን እዩ፤ ዕብራይስጥ የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ። ልጁ በልቶ ከንፈሩ ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ሳትዘገዩ በ101 አምቡላንስ ጥሩ።